«ፀጉሬ እስኪጠነክር ኬሞውን ላዘግየው?»

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። በጡት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ስድስት ሳምንት አልፎኛል። ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋሚድ፣ ቀጥሎም ፓክሊታክሴል የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ታዝዘውልኛል። ፀጉሬ እንዲጠነክር ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን በቀን 10 ሚሊ ግራም ጀምሬአለሁ፤ እስኪጠነክርም ኬሞውን ሁለት ጊዜ አራዝሜዋለሁ። ደግሞ «ፀጉር ካልረገፈ መድኃኒቱ አልሠራም» ሲሉ እሰማለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ እንክብል ነው፤ የሚያስፈራዎት ግን ሌላ ይመስለኛል። የቀዶ ሕክምናውን ጠባሳ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ራስን ግን ሁሉም ያየዋል። ፀጉር የረገፈ ዕለት «ለማን ልንገር፣ ከማን ልደብቅ» የሚለው ምርጫ ከእጅዎ ይወጣል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ «ዋናው ሕይወት ነው» ብሎ የሚገስጽዎትን አይስሙት።

በእነዚህ መድኃኒቶች ግን ፀጉርዎ ይረግፋል ብለው ይዘጋጁ። ከራስ ፀጉር 90 በመቶ ያህሉ ምንጊዜም በማደግ ላይ ስለሆነ ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት ያለ ዕረፍት ይባዛሉ። ኬሞ ፈጥኖ የሚባዛን ሕዋስ ይመታል፤ የካንሰሩን ከፀጉሩ አይለይም። መርገፉ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሥሩ በአብዛኛው አይሞትም፤ ሕክምናው ባበቃ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ለስላሳ ፀጉር ብቅ ይላል። መጀመሪያ ላይ ከቀድሞው ይልቅ የተጠቀለለ ወይም ቀለሙ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሳስቶ የሚቀርባቸው ጥቂት ሴቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን መልሰው ያበቅላሉ።

«ካልረገፈ አልሠራም» የሚሉት ተረት ነው። መርገፍ የሚወሰነው በመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን እንጂ በካንሰሩ ላይ ባመጣው ውጤት አይደለም። በ2017 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት በኬሞ ወቅት ራስን የሚያቀዘቅዝ ቆብ ካደረጉ 95 የጡት ካንሰር ሕመምተኞች 48ቱ አብዛኛው ፀጉራቸው ተርፏል፤ ቆቡን ካላደረጉት 47 ሴቶች ግን የአንዷም አልተረፈም። ቅዝቃዜው የራስ ቆዳን የደም ሥሮች አጥብቦ ወደ ፀጉሩ ሥር የሚደርሰውን መድኃኒት ይቀንሳል። ቆቡ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጠለቃል፤ ካለቀም በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል። ሆስፒታልዎ ካለው ይጠይቁ፤ በዶክሶሩቢሲን ላይ ግን ውጤቱ ደከም ይላል። በቤት በረዶ ጠቅልሎ ራስ ላይ ማሰር ቆዳ ያቃጥላል እንጂ ይህን አይተካም።

ባዮቲኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮ ግራም ነው፤ እርስዎ ከ300 እጥፍ በላይ እየወሰዱ ነው። ኬሞ የሚያመጣውን መርገፍ እንደሚከላከል ማስረጃ የለም። ይልቁንም እንደ ታይሮይድና ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳት መለኪያ) ያሉ የደም ምርመራዎችን ያዛባል፤ ሲወስዱት እንደነበር ለሐኪምዎም ለላቦራቶሪውም ይንገሩ።

ማራዘሙን በተመለከተ ግን አልለዝብም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ ከ90 ቀን በላይ ሲዘገይ የመዳን ዕድል እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ስድስት ሳምንት ሄዷል፤ ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም። ከፀጉርዎ መጠንከር የሚጠበቅ ነገርም የለም፤ ጠንካራውም ደካማውም እኩል ይረግፋል።

አሁን ማንም ያልጠየቀኝን ልጨምር። በየዙሩ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ፀጉር መርገፍ የሚጀምረው ወዲያው ቀጥሎ ነው፤ ዓይን ሁሉ ማበጠሪያው ላይ ነው፣ ቴርሞሜትሩን የሚያይ የለም። መግል የሚሠራውም ቁስል የሚያቀላውም ነጭ የደም ሕዋስ ነውና፣ እሱ ሲጎድል ከባድ ኢንፌክሽን ያለ መግል፣ ያለ እብጠት፣ አንዳንዴም ያለ ሕመም ይገባል። ትኩሳት ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ በአፍ የሚለኩ ከሆነ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ከጠጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። 38 ዲግሪ ከሞላ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን። «ፓራሲታሞል ልውሰድና ይነጋል» አይበሉ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም አይዋጡ። በሩ ላይ እንደደረሱ «ኬሞ ላይ ነኝ፣ የመጨረሻው ዙር በዚህ ቀን ነበር» ይበሉ፤ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና ወረፋ አይጠብቁ። ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጠዎት፣ ቴርሞሜትሩ 37 ቢልም ይሂዱ።

ወደ ፀጉሩ ልመለስ። ከመጀመሪያው ዙር በፊት አሳጥረው ይቆረጡት፤ አጭር ፀጉር ሲረግፍ ያን ያህል አያስደነግጥም። ቀለም፣ ማለስለሻ ኬሚካልና ጠበቅ ያለ ሹሩባ ይቅርብዎት። ቅንድብና ሽፋሽፍት ዘግየት ብለው ሊከተሉ ይችላሉ፤ እነሱም ይመለሳሉ። ሚኖክሲዲል የሚባለው የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት መርገፉን አያስቆምም፤ መልሶ ማብቀሉን ሊያፋጥን ይችላልና የካንሰር ሐኪምዎን ያማክሩ። ዊግ ካሰቡ ፀጉርዎ ራስዎ ላይ እያለ ይምረጡ፤ ቀለሙንና ውፍረቱን ማመሳሰል የሚቻለው ያኔ ነው። ቀጠሮውን ግን ከዊጉ በፊት ያስይዙ።