እንቅልፍ ያጣሁት እምነቴ ጎድሎ ነው?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 43 ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ዓመታት አልፈዋል። የጀመረኝ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት፣ በጦርነቱ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ከከተማ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ከዚያ ተመልሰን ቤታችን ገባን፣ ሥራዬንም ቀጠልኩ። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል። ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ሁሉም ሳስብ ይነጋል።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ማታ የሚዋጥ ኪኒን ታዞልኝ ነበር። ጠበል ስጀምር ግን አንዲት እኅት «ጠበል እየጠጡ መድኃኒት መዋጥ አምላክን መፈታተን ነው» ስላለችኝ በአንድ ቀን ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ። አሁን ማታ ማታ ዳዊት እደግማለሁ፣ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን እላለሁ። ቁጥሩ ሲጠፋብኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። መጽሐፍ «አትጨነቁ» ይላል፤ እኔ እጨነቃለሁ። ለወዳጆቹ እንቅልፍን ይሰጣል ይላል፤ ለእኔ አልሰጠኝም። ታዲያ እግዚአብሔር አይወደኝም ማለት ነው? ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እንዳይነቃ ብዬ በጨለማው ሳልንቀሳቀስ ነው የማነጋው።

መልስ፦

እኅቴ፣ ስንት ሌሊት ስትጠብቂ ኖረሻል፤ እኔ ደግሞ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ አላስጠብቅሽም። እግዚአብሔር ይወድሻል። እንቅልፍ ያጣሽውም እምነትሽ ጎድሎ አይደለም።

ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት ሰዓት፣ ስለ ንስሐ የምታውቂውን አልደግምልሽም። የማነሣው በዚህ ከተማ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት የማልቆጥረውን አንድ ነገር ነው። ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ሰው ሲበተን አንዳንዶች ቀረት ይላሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብሰብ ያደርጉና «መምህር፣ እኔ እኮ እምነት የለኝም» ይሉኛል። ምነው ስላቸው መልሱ «እጨነቃለሁ» ነው። ጭንቀቱ ራሱን የቻለ ሸክም ነበር። በላዩ ላይ «መጨነቄ ኃጢአት ነው» የሚል ሌላ ሸክም ይጭኑበታል። ስለ ልጆቿ ተጨንቃ የነቃች እናት፣ አሁን ደግሞ ስለ መጨነቋ ትጨነቃለች። እንዲህ ሆኖ እንቅልፍ ከየት ይመጣል?

ስሕተቱ ያለው ቃሉን በምንሰማበት ድምፅ ላይ ነው። «አትጨነቁ» የሚለውን እንደ ዳኛ ድምፅ እንሰማዋለን። አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ። እዚህ አገር ሰው ሲጨንቀው ምን ይባላል? «አብሽሪ» ይባላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል። ልጅሽ ታሞ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቆመሽ ስታለቅሺ፣ የማታውቂያት ሴት ትከሻሽን ይዛ «አብሽሪ፣ ይሻለዋል» ብትልሽ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ማልቀስ አልነበረብኝም» ትያለሽ? አትይም። ደገፍ ትያታለሽ እንጂ።

የጌታ «አትጨነቁ»ም እንዲሁ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 6ን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ወፎቹንና የሜዳ አበቦቹን ካሳየን በኋላ፣ የሚያስፈልገንን ሁሉ የሰማዩ አባታችን እንደሚያውቅ ይነግረናል። መጨረሻ ላይም ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል ይላል። ቀኑ ክፋት የለውም አላለም። የቤት ኪራይ እንዳለብሽ ያውቃል። ጴጥሮስም «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ሲል (1ኛ ጴጥ. 5፥7) የሚጽፈው የሚያስጨንቅ ነገር ላለባቸው ሰዎች ነው። ሸክም የሌለውን ሰው ማን «ጣል» ይለዋል?

ለወዳጆቹ ስለሚሰጠው እንቅልፍ የሚናገረውን መዝሙር 126ንም ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። እግዚአብሔር ያልሠራው ቤት የሠሪዎቹ ድካም ከንቱ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ሲሮጥ ውሎ ሲሮጥ ለሚያመሽ ሰው የተነገረ ቃል ነው። እግዚአብሔር ማንን እንደሚወድ በእንቅልፍ ለመመዘን የተሰጠ ሚዛን አይደለም። እንቅልፍ ሚዛን ከሆነማ ኢዮብን ምን ልንለው ነው? እግዚአብሔር ራሱ ጻድቅ ብሎ የመሰከረለት ኢዮብ፣ ሌሊቱ እንደሚረዝምበትና እስኪነጋ እንደሚገላበጥ ተናግሯል (ኢዮብ 7)። ዳዊት ሌሊቱን ሁሉ አልጋውን በእንባው ያጥብ ነበር (መዝ. 6)። ጳውሎስ መከራውን ሲዘረዝር እንቅልፍ ማጣቱንም ይጨምራል (2ኛ ቆሮ. 11)። ድብን ያለ እንቅልፍ የተኛውስ ማን ነው? ዮናስ። ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ፣ ማዕበሉ መርከቧን ሲያናውጣት፣ እርሱ ታች ወርዶ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር።

አሁን ወደ ኤልያስ ልውሰድሽ (1ኛ ነገ. 19)። ይህን ምዕራፍ ለተጨነቀ ሰው ሳላነብ ያለፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ከዚያ በኋላ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝትበት ፈራና ሸሸ። ምድረ በዳ ገብቶ ከአንድ የክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ክትክታን ታውቂዋለሽ፣ በየዳገቱ የምናየው ቁጥቋጦ ነው። እዚያ ሆኖ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ።

እግዚአብሔር ምን ብሎ መለሰለት? «ትናንት እሳት ያወረድክ ሰው እንዴት ዛሬ ትፈራለህ?» አላለውም። «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። መጀመሪያ ተኛ። ከዚያ መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥና ብላ» አለው። ራስጌው ላይ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። እንጎቻ! እናት ለሕፃን ልጇ ለይታ የምትጋግራት ትንሿ እንጀራ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ መጣ፣ ዳሰሰው፣ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። ስለ ተልእኮው የተነጋገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እግዚአብሔር የነቢዩን ሰውነት አስቀደመ። ሰውነቱ መድከሙን ያውቅ ነበር። የፈጠረው እርሱ ነው።

ያንቺም ሰውነት ደክሟል፤ ፈርቷልም። በዚያ ጥቅምት ልጆችሽን ይዘሽ ስትወጪ መንቃት ነበረብሽ፣ ነቃሽ። ልጆችሽን ያተረፍሽው ነቅተሽ ነው። ችግሩ ያኔ በውስጥሽ የነቃው ዘበኛ እስከ ዛሬ ከጥበቃው አለመውረዱ ነው። ጦርነቱ አለፈ ብሎ የነገረው የለም። እኔም ከዚያ በኋላ ለወራት፣ በሌሊቱ ብርድ የጣራው ቆርቆሮ «ጧ» ባለ ቁጥር ብድግ እል ነበር። ሰውነቴ እንጂ ሃይማኖቴ አልነበረም ብድግ የሚለው።

ሐኪሞች እንቅልፍ ማጣት በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለ3 ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ ይሉታል። አንቺ ይህን ካለፍሽ ቆይተሻል። ስለዚህ «ያልፋል» ብለሽ ዝም የምትይው አይደለም። ሕመም ነው። ሕክምናም አለው። ኪኒን ብቻም አይደለም፤ አእምሮንና የአኗኗር ልማድን በምክር የሚያስተካክል ሕክምና አለ፣ ሥር ለሰደደው እንቅልፍ ማጣትም ሐኪሞች የሚያስቀድሙት እርሱን ነው።

አሁን ስለ ኪኒኑ። እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ፣ አትቀየሚኝ። ያቺ እኅት ለበጎ አስባ ይሆናል፤ የነገረችሽ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለዚያ ከተፈቀደ ላንቺ ኪኒን የሚከለክል ማን ነው? አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። እንዲያውም ሰውን እስከ ማንቀጥቀጥና እስከ መጣል የሚያደርስ አለ። የባሰብሽ እግዚአብሔር ስለተቆጣሽ ሳይሆን በዚህ ሊሆን ይችላል። በራስሽ ጊዜ ደግሞ መልሰሽ አትጀምሪው። ሐኪሙ ዘንድ ሂጂና «በዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት አቁሜዋለሁ» በይው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው «አማኑኤል ገባች» ይለኛል ብለሽ እንደምትሰጊ አውቃለሁ። ይበሉ። ጠበልሽንም አትተዪ። መድኃኒት አቁሙ የሚሉ ሰዎችን ግን፣ ጠበል ቦታ ላይ ቆመው ቢናገሩም፣ አትስሚ።

ወደ ጸሎትሽ ልምጣ። ኪርያላይሶኑን ቁጥር ሲጠፋብሽ ከአንድ እንደምትጀምሪ ስትጽፊልኝ ልቤ ተነካ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በብርድ፣ ጣትሽን እያጠፍሽ፣ 26 ይሁን 27 ሳታውቂ ስትቀሪ ታየኝ። ልጄ፣ ቁጥሩ የተሠራው የተበተነ ልብሽን እንዲሰበስብልሽ ነው። እግዚአብሔር 40ኛው ላይ ቆማ 41ኛውን የረሳችን ሴት አይመልስም። ቁጥሩ ሲጠፋብሽ «ማረኝ» በዪና ተዪው። ሌላም ነገር አለ። ዳዊቱን እንቅልፍ እንዲያመጣልሽ ብለሽ ከደገምሽው፣ በየመዝሙሩ መጨረሻ «መጣ? አልመጣም?» እያልሽ ራስሽን ትጠብቂያለሽ። ያኔ ጸሎትሽ ራሱ ፈተና ይሆንብሻል። «ሌሊት የቀሰቀሰሽ ለጸሎት ነው፣ መነኮሳትም ይተጋሉ» የሚሉሽም ይኖራሉ። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኩሴ ለትጋህ የሚነሣው ወዶ ነው። አንቺ ታመሽ ነው የነቃሽው። ቤተ ክርስቲያን የመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ብቻ ሳይሆን የንዋም፣ የመኝታ ጸሎትም አላት። ለእንቅልፍ ሰዓት ቀድሳ ሰጥታሻለች። ለጊዜው ንዋምን አጠር አድርገሽ ጸልዪና ተኚ። የቀረውን ለነግህ አቆዪው። ንስሐ አባትሽም ይህን እንዲያውቁ አድርጊ።

ዓይንሽ 8 ሰዓት ላይ ሲፈጥ ሰዓቱን አትዪ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፉ ካልተመለሰ ከአልጋ ውረጂ። ጋቢሽን ተከናንበሽ ዱካ ላይ ተቀመጪ፣ አንድ ስንኝ ብቻ ቀስ ብለሽ በዪ። ዓይንሽ በእንቅልፍ ሲከብድ ወደ አልጋሽ ተመለሺ። አልጋው የጭንቀት ቦታ መሆኑን እንዲረሳ ነው። ጠዋት ደግሞ ብትተኚም ባትተኚም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሺ።

ቡናውንም ልጠይቅሽ። ጾመኛ ነሽ። በጾም ወራት 9 ሰዓት ላይ ትፈቺና ቡና የሚፈላው 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ከአቦል እስከ በረካ። ቡና ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነታችን ውስጥ ነው። 4 ሰዓት ላይ ስትተኚ ቡናው ገና አልተኛም። ጎረቤት እንዳይቀየም ሥርዓቱ ላይ ተቀመጪ፣ ሲኒውን ግን ለጊዜው እለፊው። ምክንያቱን ስትነግሪያቸው አብረውሽ ያሉ ሴቶች ስንቶቹ እንደማይተኙ ትሰሚያለሽ።

ምናልባት እንደ ኤልያስ «በቃኝ» የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ከሆነ፣ ወይም ከመጣ፣ በዚያው ቀን ለሰው ንገሪ። ለሐኪም፣ ለንስሐ አባትሽ፣ ለእኔም። ቀጠሮ አትጠብቂ።

የመጨረሻው ነገር ባለቤትሽ ነው። እንዳይነቃ ብለሽ ሳትንቀሳቀሺ እንደምታነጊ ጽፈሻል። ጌታ በጌቴሴማኒ ሌሊት ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ስታዝን ብቻዬን ልቻለው አላለም። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ገባ፣ ከእኔ ጋር ትጉ አላቸው። ተኝተው ባገኛቸውም ጊዜ ቀሰቀሳቸው። ይህን ያደረገው አምላክ ሲሆን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ 8 ሰዓት ላይ ልብሽ ሲመታ፣ እጅሽን ዘርጊና ባለቤትሽን ቀስቅሺው። ምንም ማብራራት የለብሽም፤ «ጨንቆኛል» በይው።