«የበግ ድቅል ነው ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። አክስቴ ከውጭ ያመጣችውን ፑድል የሚባል ነጭ ውሻ ለእኔ ትታልኝ ተመልሳለች። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። እናቴ ስለምትሰግድ ቤት አይገባም፤ ግቢ ውስጥ በሠራሁለት ጎጆ ያድራል። የሰፈር ልጆች «የበግ ድቅል ነው» ይሉኛል፤ አባቴ ደግሞ «የሴቶች መጫወቻ እንጂ ውሻ አይደለም» ይላሉ። አክስቴ ባሳየችኝ ፎቶ ወገቡ ተላጭቶ ደረቱና እግሩ ላይ ጎፈሬ ቀርቷል። ዘሩ ከየት ነው? ፀጉሩንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ለአባትህ በአክብሮት ንገርልኝ፤ ይኼ ውሻ የአዳኝ ዘር ነው፤ ያውም የውሃ አዳኝ።

ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ፑድል የመጣው «ፑደልሁንድ» ከሚለው የጀርመን ቃል ነው። «ሁንድ» ውሻ ማለት ሲሆን የፊተኛው ውሃ ውስጥ መንቦጫረቅን ይገልጻል። ፈረንሳዮች «ካኒሽ» ይሉታል፤ ይህም ሴቷን ዳክዬ «ካን» ከማለታቸው የወጣ ነው። አዳኙ የዱር ዳክዬ ተኩሶ ሐይቅ ላይ ሲጥል፣ ዋኝቶ በአፉ ይዞ የሚመጣው እሱ ነበር። ጀርመንና ፈረንሳይ ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ፤ ዓለም አቀፉ የውሻ ዘር ፌዴሬሽን ግን ፈረንሳዊ ብሎ መዝግቦታል። ትንንሾቹ፣ እቅፍ ውስጥ የምናያቸው፣ ከትልቁ እየተመረጡ የተዳቀሉ ናቸው። ትልቁ ከመሬት እስከ ትከሻው ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያንተን ለካውና ጻፍልኝ።

አሁን ወደ ፀጉሩ። የፑድል ፀጉር እንደ ሌላው ውሻ ብዙ አይረግፍም፤ እንደኛ ፀጉር ያድጋል። ውሃ ሲጠጣ ከብዶ ዋናተኛውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ አዳኞቹ የኋላ አካሉን ይላጩለት ነበር፤ ደረቱን ግን ልብና ሳንባውን ብርድ እንዳይመታው ይተዉለት ነበር፤ መገጣጠሚያዎቹ ላይም እንዲሁ። በኋላ ነው ባላባቶች ጌጥ አድርገው ያጋነኑት። ፎቶው ላይ ያየኸው አቆራረጥ የሥራ ልብስ ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ሱተር የሚባል አሜሪካዊ ፑድሎችን በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ከሚጎትቱ ውሾች ጋር ጠምዶ አላስካ ውስጥ ኢዲታሮድ የተባለውን ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የበረዶ ላይ ውድድር ተወዳድሯል። መጫወቻ እንዲህ ያለ ነገር አይችልም።

ግን ፀጉሩን ቸል ካልክ ይጎዳል። ባለፈው ክረምት እዚህ ደሴ አንዲት እናት አንካሳ ሆነብኝ ብለው አንድ ፑድል በጋቢ ጠቅልለው አመጡልኝ። እግሩን አየሁ፤ አጥንቱ ደህና ነው። ብብቱን ስገልጥ ፀጉሩ እንደ ባና ተጣብቆ መቀስ አላስገባ አለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆዳውን በጣቴ እየለየሁ በመላጫ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከሥሩ ቆዳው ቀልቶ ረጥቧል። እግሩን ባራመደ ቁጥር ያ ቋጠሮ ቆዳውን ይጎትተው ነበር። እንዳነሳሁለት ቆሞ ራሱን አራገፈና ሳያነክስ ወደ በሩ ሄደ። ሴትየዋ አለቀሱ፤ እኔም አልቀረሁም።

ስለዚህ በየሁለት ቀኑ በብረት ማበጠሪያ እስከ ቆዳው ድረስ አበጥር፤ ላይ ላዩን መቦረሽ አይበቃም። ብብቱን፣ የጆሮውን ጀርባና የአንገት ማሰሪያው ሥር አትርሳ። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ አስቆርጠው። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ መላ አካሉን ብታሳጥርለት ይሻላል፤ ነገር ግን ነጭ ስለሆነ ፀሐይ እንዳታቃጥለው እስከ ቆዳው አትላጨው። ኅዳርና ታኅሣሥ ወደኛ ይዘኸው ከወጣህ ደግሞ የጦሳ ተራራ ብርድ አይምርም፤ ፀጉሩን ሳታስቆርጥ አምጣው።

ሐይቅ ከተማ ዘመድ አለህ? ካለህ ሐይቁ ዳር ውሰደውና እንጨት ወርውርለት። ሲወጣ ጆሮውን በደረቅ ጨርቅ በደንብ አድርቅለት፤ የተንጠለጠለ ጆሮ ውስጥ ውሃ ከቀረ ይመረቅዛል።