ውሻ ይዞ ድንበር ማለፍ፦ ጥያቄና መልስ ከእንስሳት ሐኪም ጋር

ሐኪሟ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ። ውሻ ይዛችሁ አዲስ አበባ የምትገቡና የምትወጡ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ሳባ፣ ፍራንክፈርት፦ ዶክተር፣ ለገና ቡቺን ይዘናት ልንመጣ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ጊዜው አላለፈም። ስንመለስ ችግር አለው?

ሐኪሟ፦ አለው። ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት ካጸደቃቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከክትባቱ በላይ፣ በደሟ ውስጥ በቂ መከላከያ መፍጠሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይጠይቋችኋል። ደሙ የሚቀዳው ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ኅብረቱ በፈቀደለት ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ምርመራውን ጀርመን ሳላችሁ አሠርታችሁ ጥሩ ውጤቱ የቡቺ የእንስሳት ፓስፖርት ላይ ከሰፈረ፣ ስትመለሱ መጠበቅ የለም። አዲስ አበባ ገብታችሁ ካሠራችሁት ግን ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። የእናንተ የዕረፍት ፈቃድ ያልቃል፣ ቡቺ ትቀራለች። ሦስት ወሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከንክሻው በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ሳይከተብ በፊት የተነከሰ ውሻ ጤነኛ መስሎ አውሮፕላን ሊሳፈር ይችላል። የክትባቱ ማጠናከሪያ ቀኑን ሳያሳልፍ ከተሰጠ ምርመራው አይደገምም። ካለፈ ግን ሁሉም ከሀ ይጀመራል።

ቴዲ፣ አዲስ አበባ፦ ቡችላዬን አስከትቤዋለሁ። ቺፑ ለጉዞው ሲደርስ ይገባለታል አሉኝ።

ሐኪሟ፦ ማን ነው ያለህ? መጀመሪያ ቺፕ፣ ማለትም ከቆዳው ሥር የሚገባው መለያ ቁጥር የያዘ ነገር፣ ከዚያ ክትባት። ከቺፑ በፊት የተወጋው አይቆጠርም፤ የዚህ ውሻ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለውምና። ቺፑን አስገባና እንደገና አስከትብ። ሲከተብም 12 ሳምንት ይሙላው።

አንድ አባል፦ ውሻ ለመውሰድ ምን ያስፈልጋል?

ሐኪሟ፦ ከየት? ወዴት? ስንት ወሩ ነው? እንዲህ ተጠይቄ ምን ልበል? መጀመሪያ ከላይ ያለውን አንብብ።

ሚሚ፣ ዲሲ፦ የእማዬን ውሻ ወደዚህ ላመጣው ነው። በፍራንክፈርት በኩል ቢያልፍ ይቀላል?

ሐኪሟ፦ አይቀልም። አሜሪካ ከኦገስት 1፣ 2024 ጀምሮ ባለው ሕግ፣ ውሻው ባለፉት ስድስት ወራት የት እንደነበረ ታያለች። ኢትዮጵያ የበሽታው ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ተርታ ናት። ውሻው ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው፣ የክትባት ቅጹም በመንግሥት ሐኪም የጸደቀ ይሁን። የሚያርፈውም የተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ባለበት ኤርፖርት ብቻ ነው፤ ለአንቺ እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት አለልሽ። ማቆያው ቀድሞ ይያዝ። የደም ውጤት ከሌለው 28 ቀን እዚያው ይቆያል፣ ወጪውም የአንቺ ነው።

ጋሽ ታዬ፦ ለውሻ ይህን ሁሉ ብር? የእኛ ውሻ ግቢ ታስሮ ነው የሚውል፣ ክትባትም አያውቅ።

ሳባ፦ ጋሼ፣ የታሰረውስ ቢሆን? የጎረቤታችንን ውሻ የባዘነ ውሻ በአጥር ገብቶ ነው የነከሰው።

ጋሽ ታዬ፦ ቢነክስስ፣ ጠበል አለ።

ቴዲ፦ ጠበሉም ይሁን፣ ግን መጀመሪያ ፓስተር ሄዶ ክትባት!

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ይህን እንኳ ይስሙኝ። ምልክቱ ከጀመረ ሰውን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻዎንም ያስከትቡ፤ ልጆቹ የሚጫወቱት ከእሱ ጋር ነው።

ሰሎሞን፣ ለንደን፦ ጓሮዬ ሦስት ዶሮ አለኝ። መመዝገብ አለብኝ?

ሐኪሟ፦ አዎ፣ አንድም ብትሆን። በእንግሊዝና በዌልስ ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ ግዴታ ነው።

ሃያት፣ ዱባይ፦ ግራጫ በቀቀን ገዝቼ ወደ አገር ቤት ባመጣስ?

ሐኪሟ፦ ከ2017 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ነው። ወረቀቱ በእጅሽ ሳይገባ ብር አትክፈይ። ስለ ወፍ ከዚህ በላይ የወፍ ባለሙያ ጠይቂ።

ብሩክ፣ አዲስ አበባ፦ ነገ የውሻዬን ደም ላስቀዳ ነው። ቺፑም ክትባቱም በቅደም ተከተል ነው፣ 30 ቀኑም አልፏል።

ሐኪሟ፦ ጎበዝ! ከመቀዳቱ በፊት ቺፑን በማንበቢያው ያንብቡት። ናሙናው ላይና ቅጹ ላይ የሚጽፉትን የቺፑን 15 አኃዝ አንተም አጠገባቸው ቆመህ አንድ በአንድ አመሳክር።