በበጎ ፈቃድ ለሕክምና ሥራ ወደ ጁባ ለሚጓዙት እህታችን

ውድ እህታችን፣ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ከአንድ የሕክምና ቡድን ጋር ወደ ደቡብ ሱዳን እንደሚሄዱ ገልጸው ዝግጅትዎን ከምን እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እኔ ለገጣፎ የምኖር ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ካለ ቡድን ጋር ጁባ አቅራቢያ ለአንድ ወር ስላገለገልኩ፣ ከሻንጣዎ በፊት ስለ ጤናዎ እንዲያስቡ እመክርዎታለሁ።

ብዙዎቻችን አፍሪካውያን በመሆናችን ወባ የሚበረታው በፈረንጅ ላይ ብቻ ይመስለናል። ሆኖም ለገጣፎም ሆነ ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ በመሆናቸው፣ በዚህ ደጋ ያደግን ሰዎች የቆላ ነዋሪ በተደጋጋሚ ታምሞ የሚያዳብረው የመቋቋም አቅም የለንም። ሐኪም ለወባ መከላከያ ሜፍሎኪን የተባለውን ክኒን ካዘዘልዎት ከጉዞው 2 ወይም 3 ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል፤ ለዶክሲሳይክሊን 1 ወይም 2 ቀን ይበቃል፤ ሁለቱም ግን ከተመለሱ በኋላ ለ4 ሳምንት መቀጠል አለባቸው። እኔ አገሬ ስገባ አደጋው ያለፈ መስሎኝ ክኒኑን አቋረጥኩ። በ12ኛው ቀን ብርድ ብርድ ሲለኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ተሰጠኝ። ከየት እንደ መጣሁ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ነርስ ሆኜ ሳለሁ እኔም ሳልናገር ቀረሁ። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛ የወባ ዓይነት መሆኑ በደም ምርመራ የታወቀው ከአራት ቀን በኋላ፣ ቆሜ መሄድ ሲያቅተኝ ነበር። ስለዚህ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከተሰማዎት፣ ማንም ሳይጠይቅዎ የት እንደ ነበሩ ይናገሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል፣ ቀድሞ ተከትበው ከሆነ ካርድዎን ይፈልጉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ ግን በዚህ ሳምንት ይጀምሩ፤ ሁለተኛው ከ1 ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው 6 ወር በኋላ ስለሚሰጥ የመጨረሻውን ሲመለሱ ይወስዱታል። በሥራ ላይ ሳሉ ለሕመምተኛ ያገለገለ መርፌ ቢወጋዎት የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ስለሚወሰድ፣ መድኃኒቱ በማን እጅ እንደሚገኝ ገና ከዚህ ሳይነሱ ይጠይቁ።

የሙያ ፈቃድዎንና የትምህርት ማስረጃዎን ኮፒ ይያዙ፤ በዚያ አገር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጊዜያዊ ፈቃድ ማን እንደሚያስጨርስም ያረጋግጡ።

ከወዳጆች የተራረፈ መድኃኒት አይሰብስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ በልገሳ የሚሰጥ መድኃኒት እዚያ ሲደርስ ቢያንስ የ1 ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃል፤ ጊዜው ያለፈበትን ማስወገድም ለተቀባዩ ጤና ጣቢያ ሌላ ሸክም ነው።

እስካሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። የደም ግፊት ላለባቸው እናቶች የአንድ ወር መድኃኒት ሰጥተን ስንመለስ፣ የሁለተኛውን ወር ከማን እንደሚቀበሉ አስቀድመን አልጠየቅንም ነበር። እርስዎ ገና ከመነሳትዎ በፊት አስተባባሪዎቹን ይጠይቁ፤ በዚያ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ካለች ስልኳን ተቀብለው ምን መድኃኒት ዘወትር እንደሚገኝ ይረዱ፣ ለሕመምተኞቹም እሷ ልትቀጥለው የምትችለውን ብቻ ያስጀምሩ።