የወንድሜ ሲዲዎች በአዲሱ ማሽን ይሠራሉ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ታላቅ ወንድሜ ድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ሲዘጋው ወደ 20 የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲዎች ተወልኝ። አሁን ብር አጠራቅሜ ፕሌይስቴሽን 5 ልገዛ ነው። ሲዲዎቹን ያጫውትልኛል? ለመሆኑ የድሮ ጌም የሚጫወት ሰው አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ሳታወጣ መጠየቅህ ጥሩ ነው። አያጫውትልህም። ፕሌይስቴሽን 5 ከራሱ ሲዲዎች ሌላ የሚያነበው የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎችን ብቻ ነው፤ እነሱን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያጫውታል። ስትገዛ ግን ሲዲ ማስገቢያ ያለውን ምረጥ፣ የሌለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 3ዎች የፕሌይስቴሽን 2 ቺፕ ውስጣቸው ስለነበረ የድሮዎቹን ያጫውቱ ነበር። በኋላ ቺፑ ወጣ። ያሳዝናል።

የሚጫወት አለ ወይ ላልከው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ፕሌይስቴሽን 2ዬ እስከዛሬ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው፤ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲም ያነባል። ክረምት ላይ፣ የጅማ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ ከልጄ ጋር ኳስ እንጫወትበታለን። የልጅነቴ ሊግ ሚሞሪ ካርዱ ላይ እንዳለ ነው። ልጄ ሲከፍተው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንዳያጠፋብኝ።

ስለዚህ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ፈልግ። ከመክፈልህ በፊት የራስህን ሲዲ ይዘህ ሄደህ ሞክር። ሲዲዎችህ ኮፒ ከሆኑ፣ ኮፒ እንዲያነብ ያልተስተካከለ ማሽን አይቀበላቸውም። ቲቪህ የቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ መሰኪያ ከሌለው ደግሞ ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያ ያስፈልግሃል።