ቁጥሩ ከመደርደሪያው ሲለይ፦ ለወጣት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ መጻሕፍትን በቁጥር የሚከፍለውን ምደባውን ካሳተመበት ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምደባ ቁጥር ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል፤ መጽሐፉ ስለምን እንደሆነ ይናገራል፣ የት እንደሚቆምም ያዛል። ለዲጂታል ሰነድ ሁለተኛው ቀርቷል። ብዙዎች ግን የመጀመሪያውንም አብረው ይጥሉና «የፍለጋ ሳጥን ይበቃል» ይላሉ። ይህን አትቀበሉ። ፍለጋ ቃሉን ለሚያውቅ ነው፤ ዘርፉን ገና ለማያውቅ አንባቢ መንገድ የሚያሳየው ምደባው ነው።

በዲዊ የጥጥ እርሻ 633.51፣ የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ 677.21፣ የጥጥ ምርት ኢኮኖሚ ደግሞ 338.17351 ነው። የሚከፍለው በነገሩ ሳይሆን በትምህርት ዘርፉ ስለሆነ ጥጥ ሦስት ቦታ ይበተናል። አንድ ቅጂ ሁለት መደርደሪያ ላይ ስለማይቆም ካታሎግ ሠሪው አንዱን መምረጥ ግድ ነበረበት። እናንተ ይህ ግዴታ የለባችሁም፤ የካታሎግ መዝገብ በኮምፒውተር በሚጻፍበት ቅርጸት በማርክ 21፣ የዲዊ ቁጥር የሚገባበት የ082 መስክ ይደገማል። ልክ ግን ይኑረው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለርዕሰ ጉዳይ ቃላት የሚጠቀምበት መመዘኛ ጉዳዩ ቢያንስ የሥራውን 20 በመቶ መያዙን ነው፤ ለተጨማሪ ቁጥርም ይህንኑ ብትከተሉ ዝርዝሩ በጎን በጠቀሱት ሰነዶች አይጨናነቅም።

ቁጥሩን የፋይል ስም ወይም የድረ ገጽ አድራሻ አታድርጉት። ኮምፒውተር በዲዊ 001.6 ሥር ነበር፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ወደ 004–006 ተዛወረ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ በቁጥሩ ላይ የተሠራ አገናኝ ሁሉ ይሰበራል። ለሰነዱ ትርጉም የሌለው ቋሚ መለያ ስጡት፤ ቁጥሩ በራሱ መስክ፣ የወጣበት እትም ደግሞ በንዑስ መስክ 2 ይመዝገብ። መስኩም የጽሑፍ ዓይነት ይሁን። የቁጥር ዓይነት ካደረጋችሁት 004.6 ወደ 4.6 ይለወጣል፤ ዩዲሲ በተባለው ሌላ የምደባ ሥርዓት ደግሞ ሁለት ጉዳይ የሚያያይዘው ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት ጭራሽ አይገባም።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት የዘርፍ ዛፉን አሃዝ ከኋላ እየቆረጡ መሥራት ነው። ከ338.17351 ወደ 338.1 መውጣት ይሠራል። የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ጥቅል ግን 596 ላይ ነው፤ ወፎች 598፣ አጥቢዎች 599 ናቸው። በአሃዝ ብቻ ካያችሁት ወፍ የአከርካሪ እንስሳ ወንድም እንጂ ልጅ አይመስልም። ስለዚህ «ከዚህ በላይ ያለው ይህ ነው» የሚለውን ዝምድና ለብቻው መዝግቡ። ለዚህ በ2009 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ስኮስ (SKOS) የተባለው፣ ጽንሰ ሐሳቦችንና ዝምድናቸውን ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ የመጻፊያ መስፈርት አለ።

ስኮስ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ በአንድ ቋንቋ አንድ ተመራጭ ስያሜ፣ አማራጭ ስያሜዎችን ግን የፈለጋችሁትን ያህል ይፈቅዳል። ለአማርኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ «ሕክምና» እና «ህክምና»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ወደ አንድ ጽንሰ ሐሳብ ካልተመሩ አንባቢው የስብስቡን ግማሽ ሳያይ ይሄዳል።

የዲዊን ቁጥሮችና መግለጫዎች በይፋ ከመጫናችሁ በፊት የፈቃዱን ሁኔታ አረጋግጡ።

ከዚያ 100 ሰነድ መርጣችሁ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ይመድብ። የተለያዩበትን ቦታ ሁሉ ተወያዩበት፤ የደረሳችሁበትን ውሳኔ በዚያው ቁጥር የወሰን ማስታወሻ ውስጥ፣ ማለትም ቁጥሩ ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት በሚገልጸው ማስታወሻ፣ ጻፉት። የቀሩትን ሰነዶች ከዚያ በኋላ ጀምሩ።