ዝናብ በጣለ ቁጥር በወለል ማውጫው ቆሻሻ ውሃ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ምድር ቤት ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ከባድ ዝናብ ሲጥል በኩሽናው ወለል ማውጫ ቆሻሻ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ሽንት ቤቱም ይንቦጫረቃል። የከተማው የፍሳሽ ክፍል ሰዎች መጥተው አዩና በ30 ቀን ውስጥ የጣሪያውን ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ እንድለይ፣ የቅባት ማጥመጃም እንዳስገባ ደብዳቤ ሰጡኝ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ግን ‹ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፤ ቼክ ቫልቭ ላስገባልህና ትገላገላለህ› አለኝ። የቱን ልስማ?»

መልስ፦ ደብዳቤውን ይስሙ። ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃ ወደ ውጭ ብቻ እንዲሄድ የሚያሳልፍና ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው መሣሪያ፣ መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ ተራው ገና ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ብቻውን ከገባማ ነገሩን ያባብሰዋል። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ።

ትልቁ ፍንጭ «ዝናብ ሲጥል» ያሉት ነው። መስመሩ በቅባት ብቻ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በደረቅ ቀንም፣ በተለይ ብዙ ዕቃ ሲታጠብ፣ ውሃው ይመለስ ነበር። በዝናብ ጊዜ ብቻ ከተመለሰ ግን መግባት የሌለበት ውሃ ቱቦው ውስጥ እየገባ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። የጣሪያዎን ስፋት አልጻፉልኝም፤ 200 ካሬ ሜትር እንበል። በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ 6,000 ሊትር ያወርድበታል። በደቂቃ 100 ሊትር ማለት ነው። የኩሽና ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በደቂቃ ወደ 10 ሊትር ቢሰጥ፣ 10 ቧንቧ ባንዴ ተከፍቶ እንደቀረ ያስቡት። ይሄ ከእርስዎ ቤት ብቻ ነው። ጎረቤቶችዎም አሸንዳቸውን እንዲሁ አገናኝተው ከሆነ ይደምሩት።

የፍሳሽ መስመር ሲነደፍ የሚታሰበው ሰው የሚጠቀመው ውሃ እንጂ ዝናብ አይደለም። ዝናብና ፍሳሽ በአንድ ቱቦ እንዲሄዱ ታስቦ የተሠራባቸው ከተሞች አሉ። የከተማዎ የፍሳሽ ክፍል «ለይ» ካለዎት ግን ሁለቱ በየራሳቸው መስመር የሚሄዱበት ከተማ ሳይሆን አይቀርም። ቱቦው ከሞላ በኋላ ውሃው መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ዝቅ ብሎ የተከፈተውን ቀዳዳ ነው። በእርስዎ ቤት ያ ቀዳዳ የኩሽናው ወለል ማውጫ ነው። ጉዳቱ እዚያ ብቻ አይቀርም። የተረፈው ከማንሆል፣ ማለትም ከመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ፣ እየገነፈለ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። ማጣሪያ ጣቢያ የደረሰውም ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። ማዘጋጃ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ የሚሆኑት በምክንያት ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያረጋግጡ። በደረቅ ቀን ለዚህ ተብሎ የተሠራውን ጉዳት የሌለው ማቅለሚያ በባልዲ ውሃ በጥብጠው በአሸንዳው መውረጃ ይልቀቁት፤ በላስቲክ ቱቦ ውሃ ያስከትሉበት። ከዚያ የግቢዎን የፍሳሽ ማንሆል ክዳን ከፍተው ከላይ ሆነው ይመልከቱ። ቀለሙ ከመጣ ነገሩ አለቀ፤ አሸንዳው ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ተገናኝቷል። እያንዳንዱን መውረጃ ለየብቻ ይሞክሩ፤ አንዱ በትክክል ተለይቶ ሌላው ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የግቢ ማውጫዎችንም አይርሱ። አንዳንድ ከተሞች ጭስ በማንሆል ነፍተው ይመረምራሉ፤ ጭሱ በአሸንዳ ብቅ ካለ መስመሩ ተገናኝቷል። በዚያ ጊዜ ጭስ ቤት ውስጥ ከገባ ደግሞ አንዱ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጠማማ ቱቦ) ደርቋል ወይም የተላቀቀ ቱቦ አለ ማለት ነው።

አደራ፣ ማንሆል ውስጥ ማንም እንዳይገባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ የወደቀ ዕቃ ለማንሳትም ቢሆን። እዚያ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት አቅምን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የገባ ሰው እዚያው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም ይከተለዋል። ይህ የመለኪያና የማውጫ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው።

አሁን ወደ መለየቱ። አሸንዳውን ከላይ ቆርጦ ቀሪውን ቱቦ በጨርቅና በሲሚንቶ መወተፍ ሥራ አይደለም። አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ በዚያው መግባቱን ይቀጥላል፤ የዛፍ ሥርም ይከተላል። ቆፍሮ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ መድረስና እዚያው በራሱ ክዳን መዝጋት ያስፈልጋል። የጣሪያው ውሃ መንገድ ላይ ያለ የዝናብ ቦይ ካለ ወደዚያ ይሂድ። ከሌለ ከመሠረት ራቅ ያለ ማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ማጠራቀሚያ ታንከር ይሠራለታል። ጎረቤት ግቢ ግን አይልቀቁት።

ቀጥሎ የቅባት ማጥመጃው፣ ግሪዝ ትራፕ የሚሉት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጠኑ ላይ ስለሆነ አብረን እናስላው። የዕቃ ማጠቢያ ሲንክዎ ሁለት ጎድጓዳ አለው እንበል፤ እያንዳንዱ 50 በ40፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር። አንዱ 60 ሊትር ይይዛል፣ ሁለቱ 120። ዕቃ ስለሚገባበት ሙሉውን አይሞላም፤ ሦስት አራተኛውን ይውሰዱ፣ 90 ሊትር። ይህ በ1 ደቂቃ እንዲወርድ ከፈለጉ በደቂቃ 90 ሊትር የሚያስተናግድ ማጥመጃ ይገዛሉ። ቦታ ከጠበበ በ2 ደቂቃ እንዲወርድ ተደርጎ 45 ሊትር የሚለው ይበቃል። እኔ ቦታ ካለ ትልቁን እመርጣለሁ። ውሃው ካልተረጋጋ ቅባቱ ተንሳፍፎ አይለይም፤ አብሮ ያልፋል። ከማጥመጃው በፊት የሚገባውን የፍሰት መቀነሻ ሠራተኛው «ያጨናንቃል» ብሎ እንዳያወጣው ይቆጣጠሩ። እሱ ከሌለ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሽንት ቤት በፍጹም በማጥመጃው አያልፍም። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ከትንሽ ማጥመጃ ጋር ባይገናኝ ይሻላል፤ ትኩስ ውሃው የረጋውን ቅባት አቅልጦ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህም ነው «ፍል ውሃና ሳሙና ልቀቅበት» የሚለውን ምክር የምቃወመው። ቅባቱ ከእርስዎ ቤት ይወጣል፣ ቀዝቃዛው መስመር ላይ ሲደርስ ግን መልሶ ይረጋል። ከውሃውና ከኮንክሪቱ ካልሲየም ጋር ተዋህዶ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሳሙና ይሆናል። በ2017 ለንደን ውስጥ ኋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር የተገኘው የቅባትና የእርጥብ መጥረጊያ ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው። ቅባቱ የመነጨው እንደ እርስዎና እንደ እኔ ካለ ሰው ሲንክ ነው። ቅባት ያሟሟሉ የሚባሉ ፈሳሾችንም ብዙ ከተሞች የሚከለክሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ማጥመጃው ካልተጸዳ ከንቱ ሳጥን ነው። ክዳኑን ከፍተው በንጹህ ዱላ ይለኩ። ላይ የተንሳፈፈው ቅባትና ታች የተኛው ዝቃጭ ተደምረው የጥልቀቱን አንድ አራተኛ ከያዙ የማጽጃው ጊዜ ደርሷል። በብዙ ቦታ ደንቡም ይሄው ነው። የወጣውን ፈቃድ ላለው አንሺ ይስጡ፤ ማንሆል ውስጥ መገልበጥ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ቀኑንና የተነሳውን መጠን ደብተር ላይ ይጻፉ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደብተሩን ነው።

ቫልቩ ላይ ደረስን። ቼክ ቫልቭ የመንገዱ መስመር ሲሞላ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የእርስዎም ውሃ መውጫ የለውም። አሸንዳው ከቫልቩ በፊት፣ በቤቱ በኩል፣ ባለው ቱቦ እንደተገናኘ ከሆነ፣ ያ በደቂቃ 100 ሊትር የሚወርደው የራስዎ ጣሪያ ውሃ በኩሽናው ወለል ይመለሳል። ከመንገድ የሚመጣውን አግደው የራስዎን ውሃ በር ዘግተው ያጠራቅሙታል። ሰውዬው ያላሰበው ይሄን ነው።

ዝናቡ ከተለየ በኋላ ግን ቫልቩ ሊያስፈልግ ይችላል። የወለል ማውጫዎ የመንገዱ ፍሳሽ ከሚመጣበት ከላይ በኩል በቅርብ ካለው ማንሆል ክዳን ዝቅ ብሎ ከሆነ ያስገቡት። ያኔም ዝቅ ያሉት ማውጫዎች ባሉበት ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ይሁን፤ የላይኛው ፎቅ ውሃ በነጻ ይውረድ። ክዳኑ በቀላሉ የሚከፈትበት ቦታ ያድርጉት፤ አንድ ቁራጭ የረጋ ቅባት የቫልቩ መዝጊያ ምላስ ላይ ከተቀመጠ አይዘጋም።

30 ቀኑ ካጠረብዎት ዝም ብለው አያሳልፉት። አሸንዳው የሚሄድበትንና የማጥመጃውን ቦታ የሚያሳይ ቀላል ንድፍ ይዘው ይሂዱና በጽሑፍ ጊዜ ይጠይቁ። ቁፋሮና ማገናኘት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑንም እዚያው ያረጋግጡ። ለ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ጥሩ ነው። ቱቦው ከተዘረጋ በኋላ አፈር ሳይመለስበት ተቆጣጣሪው መጥቶ ይየው፤ ከተደፈነ በኋላ ክፈት ቢባሉ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይከፍሉበታል።